መድኃኒት ለጠጡ ዶሮዎች እንቁላል የቀን ቁጥር ይነገረን፦ ለአማራ ክልል የእንስሳት ሀብት ልማት ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ዘንዘልማ አካባቢ 200 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አረባለሁ። ክረምት ላይ ማስነጠስ ጀመሩ፣ የአንዳንዶቹም ዓይን አበጠ። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት (አንቲባዮቲክ) ገዝቼ በውኃ በጠበጥኩላቸው፤ መጠጫው ሁሉ ቢጫ ሆነ። እንቁላሉን ስንት ቀን ሳልሸጥ ልቆይ ብዬ ስጠይቅ ሻጩ አንድ ከረጢት ፕሮባዮቲክ አውጥቶ «ይሄን ጨምሪላቸው፣ መድኃኒቱን ጠራርጎ ያወጣዋል፣ ነገውኑ መሸጥ ትችያለሽ» አለኝ።

አመንኩት። 6 ትሪ ሸጥኩ። የገዙኝ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ልጆች ያሏቸው፣ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ፕሮባዮቲክ መጥፎ ነገር አይደለም፣ እኔም አሁን እጠቀምበታለሁ። ሕይወት ያለው ጠቃሚ ባክቴሪያ ነው፣ እርጎ ከሚያረጋልን ጋር ዘመድ ነው። የዶሮዋ አንጀት ላይ ቀድሞ ቦታ ይይዝና ሳልሞኔላን የመሰለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ መግቢያ ያሳጣዋል። በፈረንጆቹ 1973 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ከትልቅ ዶሮ አንጀት የወሰዱትን ለጫጩቶች ሰጥተው ሳልሞኔላን ሲቋቋሙ አይተዋል። በሽታ ሲቀንስ መድኃኒት መግዛትም ይቀንሳል።

ግን ሥራው አንጀት ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አስኳል ያልፋል፤ አስኳል ደግሞ በብዛት የሚሞላው እንቁላሉ ከመጣሉ በፊት ባሉት 10 ቀናት ገደማ ስለሆነ፣ ዛሬ የጠጣችው መድኃኒት በሚቀጥለው ሳምንት በምትጥለው እንቁላል ውስጥ ሊገኝ ይችላል። አንጀት ውስጥ ያለ ባክቴሪያ አስኳል ውስጥ የገባውን መልሶ አያወጣም። መድኃኒቱ የሚመጠጥበትን ሁኔታ ሊቀይር ቢችል እንኳ ነገሩ እንደ መድኃኒቱና እንደ ባክቴሪያው ዓይነት ይለያያል፣ «ነገውኑ ሽጪ» የሚያስብል ነገር የለውም። ሁለቱን በአንድ መጠጫ መበጥበጥማ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ማፍሰስ ነው፣ ባክቴሪያ ገዳዩ መድኃኒት ጠቃሚውን ከጎጂው አይለይም።

ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮዴክስ በአንድ ኪሎ እንቁላል ውስጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን ከ400 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ይሄን እኔ በምን ልለካው? እንቁላሉ ያው እንቁላል ነው፣ ቀለሙም ሽታውም አይናገርም። መቀቀልም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይሄን ነው። በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ፣ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ እንቁላልና ሥጋ ስንት ቀን እንደማይሸጥ በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ፣ ለጣይ ዶሮ የማይሰጠውም ተለይቶ ይጻፍ። ፕሮባዮቲክ እነዚያን ቀናት አያሳጥርም የሚል አንድ መስመርም ይጨመርበት። ከገበያ እንቁላል ናሙና እየተወሰደ ይመርመር፣ በተለይ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ያኔ ሁሉም ለመሸጥ ይጣደፋል፣ ቀን የሚቆጥር የለም።

እንቁላሉን በማልሸጥባቸው ቀናት የመኖውን ወጪ እኔ እችለዋለሁ። የቀኑን ቁጥር ግን እናንተ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ዶሮ አርቢ፣ ባሕር ዳር