የዓለም በሮችና የቤታችን በር፦ ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ወላጆች

ደብረ ብርሃን

ለተከበራችሁ የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ልጆች ስለሚሠሩት የበር ሥዕል

እንደምን ሰንብታችኋል? ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ልጆቻችሁ በሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ በር ይሠራሉ። መጀመሪያ የልዩ ልዩ አገሮችን በሮች በፎቶግራፍ ያያሉ፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው ከካርቶን የሚከፈትና የሚዘጋ በር ሠርተው፣ በሩ ሲከፈት የሚታየውን ከኋላው ይስላሉ።

ከምናሳያቸው አንዱ የዛንዚባር በር ነው። ከባድ እንጨት ነው፤ መቃኑ በአበባና በሐረግ ተፈልፍሏል፣ ሳንቃው ላይ ሹል የነሐስ ጉጦች ተደርድረውበታል። ልማዱ የመጣው ከህንድ ነው፣ ጉጡም ዝሆን በሩን እንዳይገፋ የታሰበ ነበር ይባላል፤ በደሴቲቱ ላይ ግን ጌጥ ሆኖ ቀርቷል። የጃፓኑ ተንሸራታች በር ስስ ወረቀት የተለጠፈበት የእንጨት ርብራብ በመሆኑ ተዘግቶም ብርሃን ያስገባል። በጣሊያን ከተማ በፍሎረንስ ያለውን የነሐስ በር ቀራጺው ሎሬንዞ ጊቤርቲ የሠራው ከ1425 እስከ 1452 እ.ኤ.አ. ነው፤ 10 ምስሎች ላሉት አንድ በር 27 ዓመት። ሥዕሉን ጀምሮ ወዲያው «ጨረስኩ» ለሚል ልጅ ይህን መስማቱ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። ከአገራችን ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰውን የአክሱም ሐውልት እናሳያለን፤ ግርጌው ላይ ከድንጋይ የተቀረጸ፣ የማይከፈት በር አለው።

አንዳንዶቻችሁ «ሒሳቡና ንባቡ እያለ ሥዕል ምን ያደርግላቸዋል?» ብላችሁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለሙከራ አንድ ክፍል ልጆች የራሳቸውን የመማሪያ ክፍል የብረት በር እንዲስሉ አድርገን ነበር። በየቀኑ የሚገቡበት በር ነው፤ ግን ብዙዎቹ ቀና ብለው እስኪያዩት ድረስ ማጠፊያው በየት በኩል እንዳለ አያውቁም ነበር። አንዱ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሳለው የቁልፉን ቀዳዳ ነው። አንዷ ደግሞ ከታች በኩል በጫማ እየተመታ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ በከሰል አጠቆረችው፤ ከዚያ ተነስታ ቁመቱንና ስፋቱን በስንዝር ለካች። ማንም ለኪ አላላትም። እኔ የምፈልገው ይህን ዓይን ነው፤ ለሒሳቡም ለንባቡም የሚያስፈልገው እሱው ነው።

ቤት ውስጥ የምትረዷቸው እንዲህ ነው። ልጁን በራችሁ ፊት አቁማችሁ የምታውቁትን ንገሩት፦ ማን ሠራው፣ እንጨቱ ጥድ ነው ወይስ ዝግባ፣ ለምን ወደዚያ ዞረ? ከመንዝና ከተጉለት የመጣችሁ ደግሞ ስለ ድንጋይ ቤቶቹ አጫውቷቸው። ግንቡ ለምን እንደዚያ ወፈረ፣ በሩስ ለምን ጠበበ? የእኛን ደጋ ውርጭ የሚያውቅ ልጅ መልሱን ራሱ ይደርስበታል። አያቶች ካሉ እነሱን ጠይቁልን፤ መወርወሪያውን፣ ጉበኑን፣ ደፉን ከእነሱ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከልጆቻችን መካከል የቆርቆሮ በር ያላቸው አሉ፣ ቤታቸው የኪራይ የሆነ አሉ፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው በሸራ መጠለያ የሚኖሩም አሉ። የሸራ መግቢያም በር ነው፤ የሚታሰርበት ገመድ፣ ነፋስ ሲመታው የሚይዘው ቅርጽ ሁሉ ይሳላል። ትቶት የመጣውን ቤት በር መሳል የሚፈልግ ልጅ ይስለዋል፤ የማይፈልግ የዛንዚባሩን ይሠራል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው መምህር አይኖርም። የማን በር ይበልጣል የሚል ውድድርና ሽልማትም የለም። እናንተም ቤት ውስጥ «የእኛ በር ምኑ ይሳላል» እንዳትሉ እለምናችኋለሁ፤ ልጅ እንዲህ ያለውን ቃል ቶሎ ይይዛል።

ምንም ነገር አትግዙ። የብስኩት ወይም የሳሙና ካርቶን ይበቃል። ለቀለም ከሰልና ቀይ አፈር እንጠቀማለን፣ ሙጫውን ከዱቄት እዚሁ እናፈላለን። ካርቶኑን በምላጭ የሚቆርጡት መምህራን ብቻ ስለሆኑ ልጆች ስለት ይዘው እንዳይመጡ። ሥዕሉን ደግሞ እባካችሁ አትሥሩላቸው፤ የተጣመመው መስመር የልጁ ይሁን።

ካርቶኑ እስከ ዓርብ ለክፍል ኃላፊው መምህር ይድረስ። ሥራዎቹ በወላጆች ቀን በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ፤ በሮቹን በእጃችሁ ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር