ምልክት መቁጠር ብቻውን ምርመራ አይሆንም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ስለ ትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ መቅበጥበጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ኮምቦልቻ እኛ መምህራን ተቀባብለን አንብበነዋል። ምልክቶቹን በጥሩ አማርኛ መዘርዘሩ ያስመሰግነዋል፤ ሆኖም ከዝርዝሩ የማያንስ ክብደት ያለውን ጉዳይ፣ ማለትም ምልክቶቹ የልጁን ኑሮ ማወክ አለማወካቸውን፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር በማለፉ፣ ወላጆች ጋዜጣውን ይዘው «የኔም ልጅ ይኸው ነው ያለበት» እያሉ ወደ ትምህርት ቤት መምጣት ጀምረዋል።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የአእምሮ ሕመሞች መመርመሪያ መመሪያ አምስተኛ እትም መሠረት፣ ከ9ኙ የትኩረት ማነስ ወይም ከ9ኙ የመቅበጥበጥና የችኩልነት ምልክቶች ቢያንስ 6ቱ ለ6 ወር በልጁ ላይ መታየት አለባቸው፤ 17 ዓመት ለሞላው 5 ይበቃል። ከምልክቶቹ በርከት ያሉት ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩና ከአንድ ቦታ በላይ የሚታዩ መሆን ይኖርባቸዋል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ምልክቶቹ የልጁን ትምህርት፣ ከሰው ጋር ያለውን ግንኙነት ወይም የዕለት ኑሮውን በግልጽ ካላወኩ በሽታው አለበት አይባልም። የሚዘነጋውም ይኸው ነው።

ወንበሩ ላይ የማይረጋ፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልስ የሚሰጥ፣ ነገር ግን የቤት ሥራውን የሚሠራና ከጓደኞቹ ጋር ተስማምቶ የሚውል ልጅ ቀዥቃዣ ቢባል እንጂ ታማሚ ሊባል አይገባም። በአንጻሩ ከኋላ ወንበር ድምጿ ሳይሰማ የምትውል ልጅ አለች፤ ከሰሌዳ መገልበጥ ጀምራ ግማሽ ላይ ትተወዋለች፤ የፈተናውን ወረቀት ጀርባ ሳታይ ታስረክባለች፤ ጨው እንድትገዛ ተልካ ገንዘቡን የት እንደጣለችው ሳታውቅ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ስለማትረብሽ ግን «ፈዛዛ» ከመባል አልፎ ሐኪም ያያት ዘንድ የሚያስብላት የለም። እናቷ በየምሽቱ አጠገቧ ተቀምጣ የምታስጠናት ከሆነማ ውጤቷ ስለማይወድቅ ችግሯ ጭራሽ አይታይም።

የልጆቻችን ትምህርት በመደበኛው ክፍል ስለማያበቃ፣ የመድረሳውን ኡስታዝ ወይም የቄስ ትምህርት ቤቱን የኔታ መጠየቅ ትልቅ ጥቅም አለው፤ እዚያ ረግቶ የሚማር ልጅ በተጨናነቀ ክፍል ብቻ ልቡ የሚሸፍት ከሆነ አስቀድሞ መፈተሽ ያለበት ክፍሉ ነው። የጆሮና የዓይን ችግር፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ልጁን ለሰከንዶች ብቻ አፍዝዞ የሚለቅ የሚጥል በሽታም ትኩረት የሌለው ሊያስመስሉት ይችላሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ተማሪዎቻችን ናቸው፤ በድምፅ የሚደነግጥን፣ ሌሊት የሚባንንን ልጅ ያየ ሐኪም ይህንንም ሳይጠይቅ ማለፍ የለበትም።

ከትምህርት ቤቶች ወደ ጤና ተቋም የሚላከው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ «ይረብሻል፣ ትኩረት የለውም» ከማለት አያልፍም። በዚህ ፈንታ ልጁ በሳምንት ስንት ቀን የቤት ሥራ ሳይሠራ እንደሚመጣ፣ ስንት ጊዜ ደብተር እንደሚጥል፣ በእረፍት ሰዓት የሚያጫውተው መኖር አለመኖሩን፣ በየትኛው ክፍለ ጊዜ እንደሚሻለው ቢጻፍ ሐኪሙ የሚይዘው ጭብጥ ያገኛል። የሥነ አእምሮ ባለሙያ ጋብዛችሁ መምህሩና ወላጁ ምን መዝግበው መቅረብ እንዳለባቸው በሚቀጥለው እትማችሁ ብታስነብቡን፣ አስፍተን በትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር፣ ኮምቦልቻ