መልካም በዓል ያልኩሽ ዕለት

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣ ለውድ እህቴ፤

«ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ልጀምር ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁን ያጠፋ ሰው «ሰነበትሽ» ሲል ግን ብዕሩም ያፍርበታል። ስለዚህ ከሥራ ቦታዬ ልጀምርልሽ፤ ወደ እኛ ጉዳይ በዚያ በኩል እመጣለሁ። በፊት ለፊት በር መግባት እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ።

አሁንም እዚሁ አሜሪካ፣ እዚያው የጥርስ ክሊኒክ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ነኝ። ዲሴምበር በገባ ቁጥር አለቃችን ሠራተኛውን ሰብስቦ ደንበኛ ምን ተብሎ እንደሚሰናበት ይነግረናል። ዘንድሮ ጭራሽ ስልኩ ላይ የሚለጠፍ ብጣሽ ወረቀት ይዞልን መጣ። «ሀፒ ሆሊደይስ» (መልካም በዓላት) ይባላል። «ሜሪ ክሪስማስ» (መልካም ገና) አይባልም። ደንበኛው ቀድሞ ካለ «ለእርስዎም» ተብሎ ይመለስለታል። ክርስቲያን ያልሆነ ደንበኛ እንዳይከፋው ተብላ የመጣች ይህቺ ሦስት መስመር የአንድ ሰዓት ስብሰባ በላች። ጥርስ የምታጸዳው ባልደረባችን «የጌታን ስም እንዳልጠራ አይደለም ደመወዝ የሚከፈለኝ» ብላ ተነሳች። አይሁዳዊው የሒሳብ ሠራተኛችን ደግሞ ዓይኑን ከቡናው ሳያነሳ «እባካችሁ እኔን ምክንያት አታድርጉኝ፤ የጠየቀኝም የለም» አለ። በዚያ ሰዓት ውስጥ ከተነገረው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው የእርሱ ቃል ነው።

በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ ሒሳባቸውን ከፍለው ሲወጡ እንደታዘዝኩት «ሀፒ ሆሊደይስ» አልኳቸው። ቆም አሉ። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው፣ ተሳስቼ የሰጠኋቸውን የገንዘብ መልስ እንደሚመልሱልኝ ሁሉ፣ ቃሉን ረገጥ አድርገው «ሜሪ ክሪስማስ» አሉኝ። ምኞት አልነበረም፤ እርማት ነበር። ከእርሳቸው ቀጥሎ የወጣው ወጣት ጥርሱ ተነቅሎ ግማሽ ፊቱ ደንዝዟል። ፈርቼ ዝም አልኩት። እርሱ ግን በሩን ይዞ ዞር አለና በዚያ በደነዘዘ ከንፈሩ አንድ ነገር ተመኘልኝ። ክሪስማስ ይሁን ሆሊደይስ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከንፈሩ በአንድ በኩል ብቻ ፈገግ ሲል፣ በሌላው በኩል ምራቁን በመሐረብ ሲጠርግ አየሁት፤ እጁንም አነሳልኝ። በዚያ ወር ከተባልኩት ሁሉ ልቤ የደረሰው ይኸው ያልተለየው ቃል ነው።

ነገሩ ሲከነክነኝ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ። ገናን ከአደባባይ ለማጥፋት የሞከሩት ሃይማኖት የሌላቸው ሰዎች መስለውኝ ነበር። በ1659 በማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ገናን ሥራ ፈትቶ ወይም ደግሶ ሲያከብር የተገኘ ሰው አምስት ሺሊንግ እንዲቀጣ የደነገጉት ግን ፒዩሪታኖቹ ናቸው፤ ለእግዚአብሔር እንቀናለን የሚሉ አጥባቂ ክርስቲያኖች። በዓሉን መጽሐፍ ቅዱስ አላዘዘውም፣ የስካርና የጭፈራ ሰበብ ነው ብለው ነው። ሕጉ የተሻረው በ1681 ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ገናን በሕግ የታወቀ በዓል ያደረገውም ገና በ1870 ነው። እኚያ ሽማግሌ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው የተከላከሉለት የአባቶች ሰላምታ፣ ከአባቶች መካከል ለአንዳንዶቹ የሚያስቀጣ ነበር ማለት ነው።

ቃላቱም ቢሆኑ እንደሚጠረጠሩት አይደሉም። «ሆሊደይ» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ቅዱስ ቀን» ማለት ነው። አለቃዬ ከሃይማኖት ሊሸሽ ሮጦ ሮጦ ቤተ መቅደስ ውስጥ ገብቶ ተደብቋል! ክሪስማስን በኤክስ አሳጥሮ የሚጽፈውን ሰው «ክርስቶስን ፋቀው» ብለው የሚቆጡም አሉ፤ ያ ምልክት ግን የግሪኩ «ኺ» ነው፣ ክርስቶስ የሚለው ስም በግሪክኛ የሚጀምርበት ፊደል። በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዘመን ከዋይት ሀውስ ከወጡት ካርዶች መካከል ወቅቱን እንጂ ገናን በስም የማይጠሩ ነበሩ። በ2005 ከፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የተላከው ካርድ ግን «የበዓል ወቅት» ስላለ ከራሳቸው ወገን ወቀሳ አመጣባቸው። ካርዱ ውስጥ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ጥቅስ እንደነበረበት ልብ ያለው ጥቂት ነው። እንዲህ የሚጮኸው ብዙ ሰው እንዳይመስልሽ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2017 አሜሪካውያንን ሲጠይቅ፣ 52 በመቶው ሱቅ ውስጥ የትኛውም ሰላምታ ቢባል ግድ እንደማይሰጣቸው ተናግረዋል፤ «ሜሪ ክሪስማስ» ይሻለናል ያሉት 32 በመቶ ነበሩ።

የሒሳብ ሠራተኛችንን አንድ ቀን ምሳ ላይ ስለ በዓሉ ጠየቅሁት። ቢያንስ አንድ ሰው ጠየቀው ይባል ብዬ ነው። ሳቀ። ለእርሱ ሃኑካ የሚባለው የአይሁድ የሻማ በዓል ልጆች የሚደሰቱበት ስምንት ሌሊት ነው እንጂ ከታላላቆቹ በዓሎቻቸው አይቆጠርም። የሚከበረው በጨረቃ በሚሰላ አቆጣጠር ስለሆነ በፈረንጆቹ ቀን ሲለካ ይመጣል ይሄዳል። በ2023 ዲሴምበር 15 ላይ ሲያበቃ፣ በ2024 ደግሞ የመጀመሪያው ሻማ የበራው ልክ በዲሴምበር 25 ማታ ነበር። «ካበቃ ከአሥር ቀን በኋላ ‹መልካም ሃኑካ› የሚሉኝ አሉ፤ በስርየት ቀን፣ እኔ ጾሜን ውዬ በምገባበት በዮም ኪፑር ሰሞን ግን አንድም ሰው ትዝ አይለውም» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት ገምቺ። የእኔም እንደዚያው ነው አልኩት። «ሜሪ ክሪስማስ» ሲሉኝ እኔ ገና ጾም ላይ ነኝ፤ የእኔ ገና ጃንዋሪ 7 ሲነጋ ደግሞ የእነርሱ ዛፍ ጌጡ ተራግፎ መንገድ ዳር ተጥሏል። ሁለታችንም የተሳሳተ ቀን ላይ መልካም በዓል የምንባል ሰዎች ሆነን ሳንድዊቻችንን በላን።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ምን እንደሆነ ትጠይቂኝ ይሆናል። ለበር ላይ ጽሑፍ፣ ለሺህ ደንበኛ ለሚላክ ካርድ፣ ስሙን ለማላውቀው መንገደኛ «መልካም በዓል» ይበቃል፤ ፍርሃትም ክህደትም አይደለም፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ደጅ ላይ ጮክ ብሎ «ቤቶች!» እንደማለት ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ግን አይበቃም። የሰውየውን በዓል ማወቅ፣ ካላወቁም መጠየቅ ነው። «ሜሪ ክሪስማስ» ብለው የሚያርሙኝ ሽማግሌ እና «ሀፒ ሆሊደይስ» የሚያስለጥፈኝ አለቃዬ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ቃሉን ከመምረጣቸው በፊት ፊቴን አላዩም።

የገና ካርድን ታሪክ ሳነብ ነው የደነገጥኩት። የመጀመሪያው ለሽያጭ የታተመ የገና ካርድ የወጣው በ1843 ለንደን ውስጥ ነው። ያሳተመው ሄንሪ ኮል የሚባል የመንግሥት ሹም ነበር፤ በዓሉ ሲቃረብ ለሚጎርፍለት ደብዳቤ ሁሉ መልስ መጻፍ ቢያቅተው፣ ሆርስሊ የተባለ ሠዓሊ አንድ ሥዕል እንዲሠራለት አድርጎ አንድ ሺህ ያህል አባዛ። የወዳጁን ስም የሚጽፍበት መስመር ክፍት ተትቶለታል። ካርድ የተወለደው ደብዳቤ ላለመጻፍ ነው ማለት ነው። ይህን ሳነብ ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ምክንያቱም የዛሬ ሦስት ዓመት በበዓል የላክሁልሽ ያቺ ሥዕል እዚያው ስልክ ውስጥ አለች። ትዝ ትልሽ እንደሆነ አላውቅም። ነበልባሏ የምትርገበገብ ሻማ፣ ከሥሯ በወርቅ ቀለም «መልካም በዓል» የሚል። ያን ማታ አርባ ሦስት ሰው ነበር የመረጥኩት። የቤተ ክርስቲያን ሰው አለበት፣ ሙስሊም ጓደኛ አለበት፣ ጰንጤ የሆኑት የአጎቴ ልጆች አሉበት፣ ጭራሽ በዓል የማያከብርም አለበት። ማንም እንዳይከፋው ብዬ የጌታን ልደት የሚያነሳውን ሥዕል ትቼ፣ መልአክ ያለበትንም ትቼ፣ ሻማዋን መረጥኩ። ሩብ ሰዓት ያህል አስቤበታለሁ። ከዚያ አንዴ ነካ አደረግሁት፤ ለሁላችሁም ደረሰ።

አባትሽ ካረፉ ሃያ ቀን አልሞላም ነበር።

«አሜን» ብለሽ መለስሽልኝ። ሌላ ቃል አልጨመርሽም። እኔም አንብቤ አለፍኩት፤ እንዲያውም «ምነው አጠረባት» ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ፤ ይህን ሳልደብቅሽ ልንገርሽ። መርዶውን የሰማሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስልኩን አንስቼ ቁጥርሽን ደወልኩና ሳይጠራ ዘጋሁት። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ አርባቸውን አለፈ፤ አርባው ሙት ዓመታቸውን። የዘገየ ሰው ለመዘግየቱ የሚያቀርበው ምክንያት ከመጀመሪያው ጥፋት እየበለጠ ይከብዳል። እናም ዝም አልኩሽ።

ዘንድሮ ያቺን የአለቃዬን ብጣሽ ወረቀት ሳይ የተረዳሁት ይኸው ነው። በቋንቋችን ሰውን ሳያዩ እንኳን አደረሰህ ማለት አይቻልም። አደረሰህ፣ አደረሰሽ፣ አደረሰዎ፣ አደረሳችሁ፤ ግሱ ራሱ «ማንን?» ብሎ ይጠይቃል፣ ዓይንሽን ከፊት ለፊትሽ ካለው ሰው ላይ ያሳርፈዋል። «መልካም በዓል» ግን ማንንም ሳያይ ያልፋል። እኔም እርሱን የመረጥኩት ማንንም እንዳያይብኝ ነበር። «አንቺን እንኳን አደረሰሽ» ልበል ብዬ ጣቴን ባነሳ ኖሮ፣ ስምሽን መጻፍ ነበረብኝ። ስምሽን ብጽፍ «ቤተሰብ እንዴት ነው?» ማለቴ አይቀርም ነበር። ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር። አንድንም ሰው እንዳላስቀይም ስጠነቀቅ ሰነበትኩና ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ።

አባትሽን ሳስብ የሚመጣብኝ ያ በዓል ጠዋት ነው። ልጆች ሆነን ግር ብለን ገብተን በአንድ ድምፅ «እንኳን አደረሰዎ!» ስንላቸው፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ይህ የወታደር ሰልፍ ነው እንዴ? ውጡና አንድ አንድ እያላችሁ ግቡ» ያሉን። ሁላችንም ወጥተን፣ በር ላይ ተራ ይዘን፣ አንድ በአንድ ገባን። አንቺ ከፊቴ ነበርሽ። እኔ ተራዬ ሲደርስ ጉልበታቸውን ስሜ የምለው ጠፋብኝ። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው እስኪመጣልኝ ጠበቁኝ።

ነፍሳቸውን ይማር። ሦስት ዓመት ዘግይቼ ነው የምልሽ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ስለ ሰላምታው የጻፍኩልሽን ሁሉ ዘለሽ ይህቺን ብቻ ብታነቢ አልቀየምሽም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ በአንቺ ሰዓት ከምሽቱ ሁለት ግድም እደውልልሻለሁ። ካላነሳሽው ሰኞ እደግማለሁ። ማክሰኞ የሥራ ተራዬ ማታ ስለሆነ በእረፍት ሰዓቴ እሞክራለሁ፤ ያኔ ተኝተሽ ትሆኛለሽና ከነቃሽ በኋላ ስልክሽን እዪው።

እህትሽ