የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ «4» ቁጥርን ክበብ ማድረግ

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው ሥራ አንድ ነው፤ የትምህርት ቤታችንን የክበባት ምዝገባ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ማዛወር። መስከረም ላይ በየክፍሉ የሚዞረው ወረቀት ገሚሱ ሳይመለስ ይቀራል፤ በተመለሰውም ላይ አንዱ ክበብ በሦስት ዓይነት ስም ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ተማሪው ስሙን ጽፎ ክበቡን ከተቆልቋይ ዝርዝር የሚመርጥበትን ፎርም በጃቫና በስፕሪንግ (በጃቫ የድር መተግበሪያ መሥሪያ ማዕቀፍ) ለመሥራት ተስማማን። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ፣ አባሎቻችንን ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። የመረጥኩት በዳታ ዓይነት ላይ ጥብቅ ስለሆነ ነው፤ ክበብ በሚጠበቅበት ቦታ ጽሑፍ አይቀበልም።

ጥብቅነቱን ለማየት ብዙ አልቆየንም። «ተማሪ» በሚለው ክላስ (የተማሪ መረጃ ምን ምን እንደሚይዝ በሚወስነው ኮድ) ውስጥ ያለው የክበብ ቦታ የሚቀበለው ሙሉ የክበብ ኦብጀክት፣ ማለትም የአንድን ክበብ መረጃ አንድ ላይ የያዘ ጥቅል ነው። ልጆቹ ከዝርዝሩ «አካባቢ ጥበቃ»ን መርጠው ሲልኩ ግን 400 የሚል ስህተት (የተላከው ጥያቄ ልክ አይደለም ማለት ነው) መጣ፤ ጽሑፉን ወደ ክበብ መለወጥ አልተቻለም። ብራውዘሩ ወደ ሰርቨር የሚልከው የምርጫውን መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ «4»ን፣ ያውም እንደ ጽሑፍ። መብራት በሄደበት አንድ ከሰዓት ይህንኑ ሰሌዳ ላይ ስናየው፣ ከአጋሮ መጥቶ ጅማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ እጁን አወጣ፦ «ቲቸር፣ አባቴ ቡና ሲያስረክብ ቁጥር ያለው ወረቀት ይዞ ነው የሚመለሰው። ጆንያው መጋዘን ነው።» ከዚያ በኋላ ኮንቨርተር ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ወረቀቱን ተቀብሎ፣ በቁጥሩ ዳታቤዝ ውስጥ ፈልጎ፣ ክበቡን አውጥቶ የሚሰጥ ባለመጋዘን ነው። ኮዱ ራሱ ከአሥር መስመር አይበልጥም።

ያስጨነቀኝ ሁለተኛው ችግር ነው፤ ምክንያቱም ምንም የስህተት መልእክት አላሳየም። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የአባቷን ስም ፊደል ለማስተካከል ፎርሙን ከፍታ አስቀመጠች። በማግሥቱ ከሚኒ ሚዲያ ወጥታ ሒሳብ ክበብ ውስጥ ተገኘች። ሒሳብ በዝርዝሩ የመጀመሪያው ነው። የእሷ ክበብና ዝርዝሩ ላይ ያለው ሚኒ ሚዲያ ከዳታቤዝ ለየብቻ የተጫኑ ሁለት ኦብጀክቶች ናቸው፤ ጃቫ ደግሞ ካልተነገረው በቀር ሁለቱን አንድ ናቸው አይልም። ተመራጩ ምልክት ስላልተደረገበት ብራውዘሩ የመጀመሪያውን አሳየ፤ እሷም ሳታውቅ እሱኑ ላከች። ኢኩዋልስና ሃሽኮድ (ጃቫ ሁለት ኦብጀክቶች እኩል መሆናቸውን የሚያይባቸው ሁለት የኮድ ክፍሎች) በመለያ ቁጥሩ እንዲያወዳድሩ አድርጋ የጻፈቻቸው ራሷ ተማሪዋ ናት። ከዝርዝሩ ራስ ላይም «ክበብ ይምረጡ» የሚል ባዶ ምርጫ ጨመርን፤ እሱን የላከ አይመዘገብም። በዓመቱ ከሠራነው ሁሉ እኔን ያኮራኝ ይህ ነው፤ ሰው ሳያውቅ ክበቡ መቀየሩ እንደ ቀላል ነገር አልታለፈም።

ፎርሙ ለመስከረም ምዝገባ ዝግጁ ነው። አንድ ተማሪ ሁለት ክበብ የሚመርጥበት ግን ገና ነው፤ ያን ጊዜ ብራውዘሩ በአንድ ስም ሁለት ቁጥር ይልካል፣ ኮንቨርተሩም ለእያንዳንዱ ይጠራል። የ10ኛ ክፍል አባላት ጀምረውታል።