ለአባቴ፦ የፋሲካውን ዶሮ ወጥ ስለማልሠራበት ምክንያት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሐዋሳ ዝናቡ ጀምሯል። አዳማም ከጀመረ ጉልበትዎን ብርድ እንዳይመታብኝ።

ባለፈው በስልክ የነገርኩዎት ነገር እንዳስከፋዎት አውቃለሁ። "እናትሽ ካረፈች ወዲህ የበዓሉ ወጥ ያንቺ እጅ ነበር። አሁን ሥጋ አልበላም፣ ዶሮም አልሠራም ስትዪኝ ምን ልበልሽ?" አሉኝ። ቀጥለውም "ደጉም ክፉውም እንደየአገሩ ነው፤ በኛ አገር በግ ማረድ ነውር ሆኖ አያውቅም" አሉ። ከእርስዎ ጋር ስልክ ላይ መከራከር ስላልፈለግሁ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ እንዳያደርጉብኝ ብዬ ነው የምጽፍልዎ።

አባባ፣ "እንደየአገሩ ነው" የሚለውን እርስዎ ራስዎ አያምኑበትም። አክስቴ የተጠለፈች ጊዜ ጠለፋ የአገሩ ወግ ነበር። ሽማግሌ ገባ፣ ካሳ ተከፈለ፣ ሠርግ ተበላ። ሕጉም ከጠላፊው ጋር ነበር፤ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት አይከሰስም። ይህ የቀረው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። እርስዎ ግን ያን ሁሉ ዓመት አልጠበቁም። ዘመድ ሁሉ እልል ሲል "ይሄ ግፍ ነው" ብለው ሠርጉን አልረገጡም። አክስቴ ይህን እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። ታዲያ ግፍ የሆነው ሕጉ ሲቀየር ነው? አይደለም። ያኔም ግፍ ነበር። ወጉም ሕጉም ተሳስተው ነበር። ተሳስተዋል ማለት የምንችለው ደግሞ እነሱን ራሳቸውን የሚለካ ነገር ካለ ነው።

መለኪያው የእግዚአብሔር ቃል ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልክድም። ግን አብርሃም ስለ ሰዶም የለመነውን ያስታውሱ። ጻድቁን ከኃጢአተኛው ጋር ማጥፋት ለአንተ አይገባም ብሎ ከፈጣሪው ፊት ቆመ። እንዲህ ብሎ መሟገት የቻለው ቅን ፍርድ ምን እንደሆነ ልቡ ስለሚያውቅ ነው። እግዚአብሔርም አልተቆጣውም። ከ50 ጻድቃን ተነስቶ እስከ 10 ሲያወርድ ሰማው። እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ ሁሌም ልቤ ይሞላል።

ለእንስሳ ማሰብን ከማን የተማርኩ ይመስልዎታል? ከዳማው ፈረስዎ ነው። ጋሪ በሚነዱበት ዘመን ዳማው ሳይበላ እርስዎ ምሳ አይቀምሱም ነበር። ሌላው ባለጋሪ እግሩ የተሰበረውን ፈረስ አስፋልት ዳር ጥሎት ሲሄድ እናይ ነበር፤ እስካሁንም አልቀረም። የዳማው ጀርባ የቆሰለ ጊዜ ግን እርስዎ ቁስሉ እስኪደርቅ ጋሪውን አቆሙት። ቤት ውስጥ ገንዘብ አልነበረም፤ እማዬ ከሱቅ በዱቤ ነበር የምታመጣው። ለምን አይሠራም ስልዎ "ያመዋላ!" አሉኝ። ሌላ ምክንያት አልጨመሩም። ማንም ሌላ ምክንያት አልጠየቀዎትም።

ጄረሚ ቤንታም የተባለ እንግሊዛዊ ፈላስፋ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1789 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ብሏል። ጥያቄው እንስሳት ያስባሉ ወይ፣ ይናገራሉ ወይ አይደለም፤ ይሠቃያሉ ወይ ነው ብሎ። እርስዎ እሱን ሳያነቡ እዚያው ደርሰዋል።

በግም ያመዋል አባባ። ዶሮም ያማታል። ፈረስ አንበላም፣ በግ እንበላለን፤ ይህን የለየነው እኛ ነን። ሕመሙን ግን እኛ አልፈጠርነውም፤ ወጋችን ሲለወጥም አይለወጥም። የኔ ነገር ይኸው ነው።

እዚህ አሞራ ገደል ዓሣ ሲወጣ ቆሜ አያለሁ። ቆሮሶው ገና እየተንፈራገጠ ቢላዋ ያርፍበታል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ሰብረው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። በነሱ አልፈርድም፤ ሌላ መብል የላቸውም። በቦረና አርብቶ አደርም አልፈርድም። ከሣር በቀር በማይበቅልበት መሬት ልጁን የሚያሳድገው በከብቱ ነው። እውነት ለሁሉም አንድ ናት ማለት የሁሉም ኑሮ አንድ ነው ማለት አይደለም። እኔ ግን ምስር አለኝ፣ ሽሮ አለኝ፣ ጎመን አለኝ። ያለ ሥጋ መኖር እንደሚቻልም አውቃለሁ። እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ ሁዳዴን 55 ቀን ይጾሙ የለ! ጾሙ ለእንስሳው ተብሎ እንዳልተሠራ አልጠፋኝም። ግን መቻሉን አሳይቶኛል።

ሥጋ የተፈቀደ ነው ቢሉኝም ልክ ነዎት። ለኖኅ ከጥፋት ውኃ በኋላ ተፈቅዶለታል። ለአዳም መጀመሪያ የተሰጠው መብል ግን ዘርና ፍሬ ነበር። የተፈቀደ ሁሉ የታዘዘ አይደለም። ደግሞ የዛሬዋን ዶሮ ያስቡልኝ። የሐበሻዋ ዶሮ ጓሮ ጭራ፣ ፀሐይ ሞቃ ኖራ ነው የምትታረደው። ቢሾፍቱ አካባቢ በየአዳራሹ ታጉራ የምታድገው የሥጋ ዶሮ ግን ብዙውን ጊዜ በ6 ወይም በ7 ሳምንቷ ትታረዳለች። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፤ እርስዎ ደግሞ ከማንም በላይ ይገባዎታል። ስለ ወተትና እንቁላል ገና እያሰብኩ ነው።

ለፋሲካ እመጣለሁ። እርስዎ ቢበሉ ፊቴን አላጠቁርም፤ ከገበታውም አልነሳም። ዶሮ ወጡን እህቴ ትሠራለች። 12ቱን ብልት አወጣጥ እማዬ ለኔ እንዳሳየችኝ አሳይቻታለሁ። ሽሮውና ምስሩ ከኔ ነው፤ ከሁለቱም ይቅመሱልኝ።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ተሳስተሻል ካሉኝ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ይንገሩኝ። የበጉ ሕመም ከዳማው ሕመም በምን ያንሳል? አስበውበት ይቆዩኝና ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። መልስ ካለዎት ከልቤ መስማት እፈልጋለሁ።

እስከዚያው ምርቃትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ፣ ከሐዋሳ