ጉንፋን አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አሳማ በሽታ፣ ርዕሱ ላይ «ጉንፋን» ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ መጀመሪያ አላነበብኩትም፤ ተነበበልኝ። አራት ኪሎ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ከጎኔ ያለ ጎልማሳ ስልኩን እያየ «የአሳማ ጉንፋን መጣ ደግሞ!» አለ። ጓደኛው ወንበሩን ከእኔ ፈቀቅ አደረገ። ሳል ይዞኝ ነበር።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የጻፋችሁበት በሽታ ጉንፋን አይደለም። በ2009 ዓለምን ያሸበረው የአሳማ ጉንፋን ሰው ይይዛል (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ይሄኛው፣ ፒአርአርኤስ የሚባለው (የአሳማ የመራቢያና የመተንፈሻ አካላት በሽታ)፣ ሰው አይነካም። ያረገዘችውን አሳማ መውለጃዋ ሲቃረብ ያስጨነግፋታል፤ ወይም ግልገሎቿ ሞተው ይወለዳሉ። በሕይወት የወጡትም ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

ስም ማምታታቱን እናንተ አልጀመራችሁትም። በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲታይ መንስኤው ስላልታወቀ «ምስጢራዊው የአሳማ በሽታ» ነበር ያሉት። ጆሯቸው ወደ ሰማያዊ የሚጠቁር አሳማዎች ስላሉ «ሰማያዊ ጆሮ» ያለውም አለ። ቫይረሱን በ1991 ለይተው ያገኙት ኔዘርላንድ፣ ሌሊስታድ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው።

እናንተ በአንድ መስመር ያለፋችሁት፣ በሽታውን የሚቋቋም አሳማ ለማግኘት የተደረገው ምርምር ግን ዋናው ወሬ እሱ ነበር። ቫይረሱ ተንኮለኛ ነው። የሚያጠቃው ሳንባ ውስጥ ጀርም እየዋጡ የሚያጠፉትን ሴሎች ነው፤ መጀመሪያ ዘበኛውን እንደሚያስር ሌባ። ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ክትባት ቢኖረውም ሙሉ በሙሉ አያስጥልም። ወደ ሴሉ የሚገባበት በር ሲዲ163 የተባለ ፕሮቲን ነው። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያንን ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን (ዘረመል) ከአሳማዎች አጠፉና ቫይረሱን ሰጧቸው። አልታመሙም። ይህ በ2015 መጨረሻ ታተመ። በ2025 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በዚህ መንገድ በሽታውን እንዲቋቋሙ የተደረጉ አሳማዎች ለምግብ እንዲውሉ ፈቀደ።

«ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። አብዛኛው አዲስ አበቤ አሳማ አይበላም። እኔም አልበላም፤ አክማለሁ እንጂ። ግን ማታ ስታዲየም አካባቢ ከሆቴሎች ጓሮ በርሜል የምትጭን ፒክአፕ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትራፊው ለአሳማ ነው። እንጀራው፣ ፓስታው፣ አንዳንዴም ከቁርስ የተረፈ የአሳማ ሥጋ አንድ ላይ ተደፍቷል። ሳይፈላ ከተሰጠ የአሳማ ቫይረሶች አንዱ መንገድ ይሄው ነው። «አፍሉት» ስላቸው «ማገዶውን ማን ይችለዋል ዶክተር?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

የእናንተን ርዕስ ያየ አርቢ ግን እናቲቱ ስትጨነግፍ ከበሽታ ጋር አያገናኘውም። ሌላ አሳማ ገፍቷት ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ሐኪምም አይጠራም። ስለዚህ እርማት ስታወጡ «ጉንፋን» የሚለውን ከርዕሱ አውጡልኝ። የእኔ ሳል እንደሆነ የብርድ ነው።

አንድ የእንስሳት ሐኪም
ከአራት ኪሎ