«ሕፃኑም ወይ?»

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ይሄን ደብዳቤ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ብዙ ቆይቻለሁ፣ የሃይማኖት ነገር ስለሆነ ሰው ይቀየመኛል ብዬም ፈርቼ ነበር፣ ግን ዝም ማለቱ ባሰብኝ።

ነገሩ የተነሳው ለቅሶ ቤት ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ገብቶ ከወጣ በኋላ እኛ ሰፈር ድንኳን ካንዱ ደጅ ተነቅሎ ሌላው ደጅ ይተከል ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ወንድሙ የሞተበት ልጅ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ሞባይሉን አወጣና ጮክ ብሎ አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15ን አነበበልን። ነቢዩ ሳሙኤል ንጉሥ ሳኦልን ሂድና የእስራኤል ጠላት የነበረውን ሕዝብ፣ አማሌቅን ምታ፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ ብላቴናውንም ሕፃኑንም፣ በሬና በጉንም ሳይቀር ግደል የሚልበትን ቦታ ነው። ከዛ ቀና አለና አንድ ሕዝብ በስሙ ጠርቶ «የዛሬዎቹ አማሌቆች እነሱ ናቸው፣ እግዚአብሔር ራሱ ነው ያዘዘው» አለ። የዘገንኩት ንፍሮ እጄ ላይ ቀረ። ድንኳኑ ውስጥ እንደወትሮው ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ነበሩ፣ የሰፈራችን ሼህ በርጩማቸው ላይ ወደ ልጁ ዞር ብለው በቀስታ «ልጄ፣ ሕፃኑም ወይ?» አሉት። ልጁ «መጽሐፉ ነው ያለው» ብሎ አንገቱን ደፋ። ከዛ በኋላ አንድም ሰው አልተነፈሰም። እኔም ጭምር፣ ስንት ዓመት ሰንበት ትምህርት ቤት ያገለገልኩት ሴትዮ፣ አፌ ተያዘ።

ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥቅሱ አዲስ ሆኖብኝ አይደለም። ኢያሱ ኢያሪኮን ሲይዝም፣ ዘዳግም 20 ላይም ተመሳሳይ አለ፣ ዳዊት የሚደግም ሰው ደግሞ መዝሙር 136 መጨረሻ ላይ የባቢሎንን ሕፃናት በዓለት ላይ የሚፈጠፍጥ ብፁዕ ነው የሚለውን በቃሉ ይለዋል። እናነበዋለን፣ እናልፈዋለን፣ ልጆችን ስናስተምርም ከዳዊትና ጎልያድ በቀጥታ ወደ ሰሎሞን እንሄዳለን። ያለፍነውን ነው እንግዲህ ያ ልጅ በሐዘኑ ሰዓት ብቻውን ሞባይሉ ላይ ያገኘው።

ከዛ ወዲህ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠኝ መልስ «ዘራቸው ክፉ ነበር፣ ሕፃኑም ቢያድግ ያው ነው» የሚል ነው። ይሄን መልስ እኔ አልቀበልም፣ በግልጽ ልናገር፣ ይሄን መልስ ለልጅ ያስተማረ ሰው እግዚአብሔርን የተከላከለ ይመስለዋል እንጂ የጎረቤትን ልጅ በዘሩ መመዘን ነው ያስተማረው። ሌላው መልስ «የብሉዩ አምላክ ሌላ ነው፣ የሐዲሱ ሌላ» ነው፣ ዩቱብ ላይም ሞልቷል። ይሄም አዲስ አይደለም፣ ማርቅያን የሚባል ሰው ይሄንኑ ብሎ ነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ144 ገደማ ከሮም ቤተ ክርስቲያን የተለየው። ብሉይን ቆርጦ መጣል ቀላል ነበር፣ አባቶች ግን እምቢ አሉ፣ ምክንያቱም ጌታ ራሱ የጸለየበት መጽሐፍ ነው።

ሦስተኛው መልስ ግማሽ መንገድ ወሰደኝ፣ የታሪክ አስተማሪ የሆነ የአክስቴ ልጅ ነው የነገረኝ። በ1868 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዛሬ ዮርዳኖስ በምትባለው አገር አንድ የተጻፈበት ድንጋይ ተገኘ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የሞዓብ ንጉሥ ሞሳ ያስጻፈው ነው። ድንጋዩ ላይ ንጉሡ፣ አምላኬ ካሞስ ሂድና ናባውን ከእስራኤል ውሰድ አለኝ፣ ሌሊት ሄጄ ወጋኋት፣ 7,000 ሰው ወንዱንም ሴቱንም ገደልኩ ይላል፣ እስራኤልም ለዘላለም ጠፋ ይላል። እስራኤል ግን አልጠፋም። ያኔ ነገሥታት ጦርነታቸውን የሚያወሩት እንዲህ ነበር ማለት ነው፣ «አንድ አላስቀረሁም» ማለት የድል አነጋገር ነበረ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም እዛው መጽሐፍ ላይ ምዕራፍ 15 አማሌቅ በሰይፍ አለቀ ይልና ምዕራፍ 30 ስትደርሱ አማሌቃውያን መጥተው የዳዊትን ከተማ ጺቅላግን በእሳት አቃጥለው ታገኟቸዋላችሁ። ሴቶቹንና ልጆቹን ማረኩ እንጂ ትንሽም ትልቅም አልገደሉም ይላል። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ሕፃኑ ሳይቀር ይጥፋ የተባለው ሕዝብ የሰው ሕፃን ሳይገድል ሄደ!

ግን ለምን ግማሽ መንገድ አልኩ? ምክንያቱም አንድ ሕፃን ብቻ ቢሆንስ የሞተው? የሼሁ ጥያቄ ስለ ቁጥር አልነበረም።

በመጨረሻ ብሉይ ወደሚያስተምሩ የኔታ ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ብርሃን እየፈለጉ መጽሐፉን ወደ ፀሐይ አዘንብለው ነበር የሚያነቡት። ነገሩን ስነግራቸው አልተቆጡም፣ እኔ ደግሞ ጠየቅሽ ብለው ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አብርሃም ስለ ሰዶም ሲማልድ ከ50 ጻድቅ ጀምሮ እስከ 10 እንደወረደና «የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ አይፈርድምን?» ብሎ ፊት ለፊት እንደጠየቀ አስታወሱኝ፣ እግዚአብሔርም ለጥያቄው መለሰለት እንጂ አላባረረውም። ከዛ «ትእዛዙ ለማን ነው የተባለው?» አሉኝ። ለሳኦል አልኩ። «ያ ልጅ ሳኦል ነው?» አሉ። አይደለም። «ለሱ የተሰጠው ትእዛዝ ማቴዎስ 5 ላይ ነው፣ ጠላታችሁን ውደዱ የሚለው፣ ሌላ ትእዛዝ የለውም።»

ስለ መዝሙሩም ጠየቅኳቸው። አባቶች የባቢሎንን ሕፃናት ገና ሳያድጉ ሊመቱ የሚገባቸው ክፉ ሐሳቦች ናቸው ብለው ተርጉመዋል፣ ዓለቱ ክርስቶስ ነው፣ ይሄ ትርጓሜ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከኦሪጀን ጀምሮ ያለ ነው። የኔታ ግን እዛ ላይ አላቆሙም፣ «አንድም» ብለው ቀጠሉ። አንድም ይሄ ትእዛዝ አይደለም፣ ለቅሶ ነው። መዝሙሩ የሚጀምረው በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠን አለቀስን ብሎ ነው፣ ልጆቹ የተገደሉበት፣ አገሩ የተቃጠለበት ሰው የሆዱን ለእግዚአብሔር ሲዘረግፍ ነው። ሰይፍ አላነሳም፣ ጸለየ። እንዲህ ያለ ጸሎት መጽሐፍ ውስጥ መግባቱ እግዚአብሔር የተበደለ ሰው ቁጣ አያስደነግጠውም ማለት ነው አሉኝ።

ይሄን ስሰማ ያ ልጅ ነው ፊቴ ላይ የመጣው። ወንድሙን ቀብሮ መጥቶ የተናደደ ልጅ ነበር እኮ! እኛ ያኔ መዝሙር 136ን አብረነው ብናለቅስበት ኖሮ ሳሙኤል 15ን ባልፈለገ ነበር ብዬ አሰብኩ። ልክ ላልሆን እችላለሁ፣ ግን እንደዛ ነው ያሰብኩት።

ሐዲሱ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ሉቃስ 9 ላይ ያዕቆብና ዮሐንስ ሳምራውያን አላሳድር ሲሏቸው እሳት ከሰማይ ወርዶ ያጥፋቸው እንበል ወይ ብለው ጠየቁ፣ ጌታ ዞሮ የገሠጸው እነሱን ነው። ማቴዎስም ልጇ ታማ ጌታን ተከትላ የጮኸችውን ሴት ዘዳግም 20 ላይ ይጥፉ ከተባሉት ሕዝቦች በአንዱ ስም «ከነናዊት» ይላታል፣ ልጇም ተፈወሰችላት። የኢያሪኮዋ ረዓብም በጌታ የዘር ሐረግ ውስጥ በስሟ ተጽፋለች። ክርስቲያን ብሉይን ከዚህ ወደኋላ ነው የሚያነበው። እኔ ሁሉም ነገር ተፈቶልኛል አልልም፣ ያ ምዕራፍ ዛሬም ሳነበው ያመኛል፣ እንዲያመኝም እፈልጋለሁ።

ይሄን ነገር እኛ ወሎዬዎች ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም የምለው በምክንያት ነው። ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ በ1870 በአፄ ዮሐንስ ዘመን ጉባኤ ተደርጎ የወሎ ሙስሊም ክርስትና ይነሳ ተብሎ ሲታወጅ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ሆኑ፣ ሼህ ጠልሃ ደግሞ እምቢ ብለው ተዋጉ። ከዛ በፊት በግራኝ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል የነበረው እዚሁ ነው። ሁለቱም ወገን በፈጣሪ ስም ነበር የሚለው። የእናቴ አባት ሙስሊም ነበሩ፣ አጎቶቼ ለዒድ ይጠሩኛል፣ ለገና እጠራቸዋለሁ፣ ታዲያ አንድ ሕዝብ አማሌቅ ነው ከተባለ ነገ ተራው የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? አሜሪካም ውስጥ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰባኪዎች የአገሩን ነባር ሕዝብ አማሌቅ ይሉት ነበር፣ የደረሰበትን ዓለም ያውቃል።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን እባካችሁ እነዚህን ምዕራፎች አትዝለሏቸው፣ ልጆቹ በቴሌግራም ከማንም ከሚሰሟቸው ከናንተ ይስሟቸው። ጋዜጣውም የብሉይ መምህራንን ጠይቆ ቢያስነብበን ደስ ይለኛል።

ዘንድሮ በጾመ ነነዌ ዮናስ ሲነበብ መጨረሻው ላይ እግዚአብሔር ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎች፣ ብዙ እንስሶችም ላሉባት ከተማ አላዝንምን የሚለውን ስሰማ እንባዬ መጣ። ነነዌ የጠላት ከተማ ናት። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሼሁን ሱቃቸው በር ላይ አገኘኋቸውና «አባባ፣ ያን ጊዜ ለቅሶ ቤት የጠየቁትን ልመልስልዎት፣ ሕፃኑ አይደለም፣ በፍጹም አይደለም» አልኳቸው። አላስታወሱም ብዬ ነበር። «እኔማ አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ፣ «ለዛ ልጅ ነው የምትነግሪው።»

ልጁ አሁን ከደሴ ወጥቷል፣ አድራሻውን የሚያውቅ አጣሁ። ይሄን ጋዜጣ ካገኘው ብዬ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ